የሚፈታ መኪና

ከዲፈረንሻል ማኪያቶ ሲቀዳ ያየሁት አንድ የነሐሴ ቅዳሜ ነው። በጀርባዬ ተንጋልዬ የፊተኛውን ዲፈረንሻል ማፍሰሻ ብሎን ስፈታ፣ ጥቁር ዘይት ይወርዳል ብዬ ያስቀመጥሁት ሳፋ ውስጥ አረፋ ያለው ቡናማ ነገር ተንዠቀዠቀ። መልኩ ከፒያሳ ማኪያቶ አይለይም። ዘይትና ውሃ በማርሽ ጥርስ አብረው ሲፈጩ እንዲህ ያለ ቀለም እንደሚያወጡ ያን ዕለት ተማርሁ። ከሳምንት በፊት የተሻገርሁት ወንዝ ለካ ቤት ድረስ ተከትሎኝ መጥቷል።

መኪናው ቶዮታ ላንድክሩዘር ነው፤ ሞዴሉ ኤችዜድጄ 75። ሃርድቶፕ የምንለው ረጅሙ ማለት ነው፤ ከኋላ ሁለት አግዳሚ ወንበሮች ፊት ለፊት የተገጠሙለት፣ ክትባትም እህልም እስረኛም ሙሽራም ሲያመላልስ የኖረ። የእኔው ብዙ እጅ አልፎ ሲደርሰኝ የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ቆሞ ነበር። ቀለሙ ነጭ እንደነበረ ሊብሬው ይመሰክራል።

የዘር ሐረጉ አጭር ነው። ቶዮታ የመጀመሪያውን የሙከራ መኪና የሠራው እ.ኤ.አ. በ1951 ሲሆን ስሙ ቢጄ ይባል ነበር፤ «ቢ» ሞተሩን፣ «ጄ» ጂፕን የሚጠቁሙ ፊደላት ናቸው። በዚያው ዓመት ኢቺሮ ታይራ የተባለ የሙከራ ሾፌር የፉጂን ተራራ እስከ ስድስተኛው ማረፊያ ድረስ ነድቶት ወጣ፤ ከዚያም የጃፓን ፖሊስ 289 መኪኖች አዘዘ። «ጂፕ» የአሜሪካው የዊሊስ ኩባንያ የንግድ ስም ስለነበር ቶዮታ በ1954 ላንድክሩዘር የሚል ስም አወጣለት። ፊደሏ ግን አልሄደችም። ኤችዜድጄ ሲባል «ኤችዜድ» ሞተሩ ነው፣ «ጄ» ደግሞ ከዚያ ከጂፕ ዘመን የተረፈች ናት። የ40 ሲሪስ ከ1960 እስከ 1984 ተመረተ፤ በ1984 መገባደጃ የተካው 70 ሲሪስ እስከ ዛሬ ይመረታል። የእኔን የሚያንቀሳቅሰው ዋንኤችዜድ የተባለው ሞተር በ1990 የመጣ ነው፦ ስድስት ሲሊንደር፣ 4,164 ሲሲ፣ በናፍታ የሚሠራ፣ ቴርቦም ኮምፒውተርም የሌለው።

ላንድክሩዘር አይበላሽም ይባላል። ውሸት ነው፤ በደንብ ይበላሻል። ልዩነቱ ሲበላሽ መፈታቱ ነው። የዛሬ መኪና ሲታመም ክሩስኮቱ ላይ ብርቱካናማ መብራት አብርቶ ዝም ይላል፤ ምን እንደሆነ የሚነግረው ለኮምፒውተር እንጂ ለባለቤቱ አይደለም። ይኼኛው ጮሆ፣ ጨሶ፣ አንጠባጥቦ ይነግራል። አካሉ ከቻሲው ላይ በብሎን የታሰረ ነው፤ ከፊትም ከኋላም ከዳር እስከ ዳር አንድ ወጥ አክስል አለው፤ አራቱም ጎማዎች የተቀመጡት በባሌስትራ ላይ ነው። ቶዮታ የፊቱን ባሌስትራ ትቶ ወደ ሞላ የዞረው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠራ ሃርድቶፕ ያለው ሰው ጀርባው ያውቀዋል።

የሞያው ቋንቋም የሚፈታ ነው። ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ረንዴላ፣ ኩሽኔታ፣ ባሌስትራ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሚታ፣ ቴስታታ፦ ሁሉም ከጣሊያን የመጡ ናቸው። ጃፓን የሠራውን መኪና ኢትዮጵያዊ በጣሊያንኛ ይፈታዋል፤ ብሎኑ ሲያስቸግር የሚሰደበው ግን በንጹሕ አማርኛ ነው።

ለቤት ጥገና የሚያስፈልገው መሣሪያ ከሚገመተው ያነሰ ነው። ከ8 እስከ 24 ቁጥር ያለው የቁልፍ ስብስብ፣ ለፊት ጎማው ቋት 54 ቁጥር ቡሽ፣ የጥብቀት መጠን የሚለካ ቁልፍ፣ የነሐስ መዶሻ፣ የግሪስ ፓምፕ፣ ብዙ ጨርቅ። ከሁሉ በላይ ግን ከሥር የሚቆም ጠንካራ የብረት ድጋፍ ያስፈልጋል። ክሪክ ያነሳል እንጂ አይሸከምም። መኪናው ከሁለት ቶን በላይ ነው፤ በክሪክ ብቻ ከተነሳ መኪና ሥር የሚገባ ሰው ሞያ አያስፈልገውም፣ መካሪ ነው የሚያስፈልገው። ብሎኬትም ድጋፍ አይደለም፤ ሳያስጠነቅቅ ይፈረካከሳል።

ወደ ማኪያቶው ልመለስ፤ ምክንያቱም ከዚህ መኪና ብዙው ችግር እዚያች ሳፋ ውስጥ ነው ያለው።

ዲፈረንሻል የተዘጋ ቤት ነው። ሲነዳ ዘይቱ ይሞቃል፣ በላዩ ያለው አየር ይለጠጣል፤ አየሩ መውጫ ካጣ ዘይቱን በኦይል ሲሉ በኩል እየገፋ ያስወጣዋል። ስለዚህ ፋብሪካው በአክስሉ ላይ አውራ ጣት የምታክል መተንፈሻ ገጥሞለታል፤ በውስጧ አየር ወደ ውጭ የምታስወጣ፣ ወደ ውስጥ ግን የማታስገባ ትንሽ ቫልቭ አለች። አሁን መንገዳችንን እናስብ። መተንፈሻዋ በጭቃ ትደፈናለች። ለሁለት ሰዓት የተነዳ፣ እጅ የማያስነካ አክስል ወንዝ ውስጥ ይገባል። ብረቱ በድንገት ሲበርድ የውስጡ አየር ይኮማተራል፣ አየር ከላይ ስለማይገባ በሲሎቹ ከንፈር በኩል ውሃ ይስባል። መኪናው ወንዙን ጠጣ ማለት ይህ ነው።

መድኃኒቱ ከአንድ ምሳ ዋጋ አይበልጥም። መተንፈሻዋን ፈትቶ በቦታዋ የቱቦ ማያያዣ መግጠም፣ ከዚያ የናፍታ ጎማ ቱቦ ማጥለቅና ጫፉን ወደ ላይ፣ እስከ ኮፈኑ ሥር ድረስ አውጥቶ ማሰር ነው። አክስሉ ከዚያ በኋላ የሚተነፍሰው ሞተሩ ከሚተነፍስበት ከፍታ ነው። የኋላውም እንዲሁ። በዚህ መኪና ላይ ከሠራሁት ሥራ ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የከፈለኝ ይህ ነው፤ ግማሽ ቀን አልፈጀም።

ውሃው ግን ቀድሞ ገብቶ ነበርና ጉልበቱን መክፈት ግድ ሆነ። ጉልበት የምለው የፊት ጎማው ወደ ግራና ቀኝ የሚዞርበትን መገጣጠሚያ ነው። ከአክስሉ ጫፍ ላይ ትልቅ ክብ የብረት ሉል አለ፤ በላዩ ላይ ጎማውን የተሸከመው ቤት ከላይና ከታች በሁለት ኩሽኔታ ተይዞ ይዞራል። በሉሉ ውስጥ ደግሞ ሴምያሴው፣ ማለትም የጎማው ዘንግ፣ እየዞረም እየታጠፈም ኃይል የሚያስተላልፍበት፣ ስድስት የብረት ኳሶች ያሉት መገጣጠሚያ አለ። የዚህን መገጣጠሚያ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ያበጀው አልፍሬድ ዜፓ የተባለ የፎርድ መሐንዲስ ነው፤ ዛሬ የፊት ጎማው የሚነዳ ተራ የቤት መኪና ሁሉ ይህን ሐሳብ ይጠቀማል። ላንድክሩዘሩ የሚለየው መገጣጠሚያውን በላስቲክ ሳይሆን በብረት ሉል ውስጥ በግሪስ ቀብሮ በመያዙ ነው። ድንጋይ አይቀደውም። ግን ከዲፈረንሻሉ የሚለየው አንድ ትንሽ ኦይል ሲል ብቻ ነው፤ ሲሉ ሲያረጅ ዘይቱ ወደ ግሪሱ ይገባል፣ ግሪሱ ሽሮ ይሆናል፣ ከዚያም በሉሉ ጀርባ በኩል ጎማው ላይ መንጠባጠብ ይጀምራል። አሮጌ ላንድክሩዘር ልትገዙ ስትሄዱ ቀለሙን ከማየታችሁ በፊት ጎንበስ ብላችሁ የሉሉን ጀርባ እዩ። ደረቅና አቧራማ ከሆነ ወይ ጤነኛ ነው፣ ወይ ግሪሱ አልቋል። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ዋጋ ተከራከሩበት። ታጥቦ እንደ መስታወት የሚያበራ ከሆነ ደግሞ ሻጩን ተጠራጠሩ።

አፈታቱ እንዲህ ነው። ጎማው ይወልቃል። የፍሬኑ ካሊፐር ተፈትቶ በሽቦ ይንጠለጠላል፤ በፍሬን ቱቦው እንዲንጠለጠል መተው ቱቦውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ከዚያ ጎማውን ከሴምያሴው ጋር የሚያጣብቀው ቋት ይመጣል። ስድስት ዳዶዎች ተፈትተው ሲያልቁ ጀማሪ ቋቱ ይወጣል ብሎ ይጎትታል፤ አይወጣም። በእያንዳንዱ ብሎን ላይ ሾጣጣ ረንዴላ ተቀርቅሯል። ዘዴው ጉልበት አይደለም፦ ዳዶውን በብሎኑ ጫፍ ላይ ጥቂት መልሶ በነሐስ መዶሻ መምታት ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ሲመታ ረንዴላው ቱግ ብሎ ይዘላል። እኔ ይህን ሳላውቅ በካቻቪቴ ስፈለፍል አንድ ከሰዓት አጥፍቻለሁ።

ቋቱ ከወጣ በኋላ 54 ቁጥር ዳዶ ይገኛል፣ ከሥሩ የምትታጠፍ መቆለፊያ ረንዴላ፣ ከዚያ ሁለተኛ ዳዶ። እነዚህ ሲፈቱ ዲስኩና ሁለቱ የጎማ ኩሽኔታዎች አብረው ይመጣሉ። ቀጥሎ ያለው አጭር ቱቦ ሲነሳ ሴምያሴው ከነኳሶቹ ይሳባል። እዚህ ላይ ጋዜጣ አንጥፉ፤ የሚወጣው ነገር ከልብስ አይለቅም። ሁሉም በናፍታ ይታጠብና በደረቅ ጨርቅ ይጠረጋል። የኳሶቹ መንገድ በጣት ጥፍር ይዳሰሳል፤ ጥፍር የሚይዝ ጉድጓድ ካለ መገጣጠሚያው ሞቷል። በመንገድ ላይ ምልክቱ መሪው ሙሉ ታጥፎ በፎርዊል ሲነዳ የሚሰማው ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ነው። ከላይና ከታች ያሉት ኩሽኔታዎችም ይታያሉ፤ መኪናው ዕድሜውን ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ ጥርሶቻቸው በአንድ ቦታ ላይ ይሰርጉና መሪው መሃል ላይ ሲደርስ ቀልቀል ብሎ ይገባል። በእነርሱ ሥር ያሉት ስስ ረንዴላዎች የትኛው ከላይ፣ የትኛው ከታች እንደነበረ የሚመዘገበው በዚያው ሰዓት ነው እንጂ በማግስቱ አይደለም። እኔ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳለሁ፤ ድሮ በኖራ ይጻፍ ነበር።

ሲገጠም አዲስ ሲል፣ አዲስ ጓርኒሲዮን፣ ሞሊብዲነም ያለበት ጥቁር ግሪስ። ሉሉን በግሪስ ጢም ብሎ አይሞላም፤ ሦስት አራተኛ ያህል ይበቃዋል፣ ሲሞቅ የሚለጠጥበት ቦታ ይፈልጋል።

እዚህ ላይ የእኔ ስሕተት ትገባለች። የጎማውን ኩሽኔታ ስመልስ፣ ልቅ እንዳይሆን ብዬ፣ ዳዶውን የቻልሁትን ያህል አጠበቅሁት። የጎማ ብሎን የለመደ ሰው እንዲህ ያስባል። ትክክለኛው አሠራር መጀመሪያ አጥብቆ፣ ዲስኩን ወደ ሁለቱም በኩል ደጋግሞ አሽከርክሮ ኩሽኔታዎቹ ቦታቸውን እንዲይዙ ማድረግ፣ ከዚያ ዳዶውን ፈትቶ እንደገና በቀላል እጅ ማጥበቅ ነው፤ ሁለተኛው ዳዶ ነው በኃይል የሚጠብቀው። ከአዲስ አበባ ወጥቼ ዱከም ሳልደርስ የተቃጠለ ግሪስ ሸተተኝ። ወርጄ ቋቱን ስነካ እጄን አቃጠለኝ። ከዚያ ወዲህ ከጥገና በኋላ ሃያ ኪሎ ሜትር እነዳና ቆሜ አራቱንም ቋቶች በእጄ ጀርባ እዳብሳለሁ። ሁሉም በእኩል ሞቅ ማለት አለባቸው። ከዚህ የተሻለ ቴርሞሜትር አላገኘሁም።

ሌላው ሁሉ ከጉልበቱ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። የካርዳኑ ክሮቸራዎች እያንዳንዳቸው የግሪስ ጡት አላቸው፤ ወንዝ ከተሻገሩ በኋላ ትኩስ ግሪስ ይፈልጋሉ። ተንሸራታቹን የካርዳን ክፍል ግን እስኪፈስ ድረስ በግሪስ አትሙሉት፤ ባሌስትራው ሲታጠፍ መሸሻ አጥቶ ካምቢዮውን ይገፋል። የሞተር ዘይቱ ከ9 ሊትር በላይ ነው፤ በእኛ አቧራ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ መቀየር ይገባዋል። ራዲያተሩ ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብቻ የሚጨምር ሰው ዝገት እያረባ ነው። ፎርዊሉንም ባያስፈልግ እንኳ በወር አንድ ጊዜ በኮረኮንች ላይ አስገብቶ ጥቂት ኪሎ ሜትር መንዳት ሲሎቹን ያርሳቸዋል።

የታይሚንግ ቺንጋውን ግን እንዲሁ ማለፍ አይቻልም። የዚህ ሞተር ካምሻፍት የሚዞረው በላስቲክ ቺንጋ ነው፤ ቺንጋው ሲበጠስ ቫልቮላዎቹና ፒስተኖቹ ይጋጫሉ፣ ሞተሩ በአንድ ሰከንድ ውስጥ የዕቃ መደብር ይሆናል። ፋብሪካው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ይቀየር ይላል፤ ክሩስኮቱም ላይ ይህን የምታስታውስ መብራት አለች። ታዲያ መብራቷ የምትሠራው በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነው፤ ቆጣሪው ከቆመ እርሷም አብራ ዝም ብላለች። ታሪኩ ያልታወቀ መኪና የገዛ ሰው የመጀመሪያ ሥራው ቺንጋውን መቀየር መሆን አለበት፤ ከሬዲዮውም፣ ከወንበር ልብሱም በፊት። በቤት ይሠራል። ምልክቶቹን ገጣጥሞ አዲሱን ካጠለቁ በኋላ ሞተሩን በቁልፍ፣ በእጅ፣ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹ መልሰው መገጣጠማቸውን ማየት ነው። ሳያዩ ሞተሩን ማስነሳት ቁማር ነው።

የናፍታው መስመር ጠላቱ ውሃ ነው፤ በተለይ ከጄሪካን ለሚቀዳ ሰው። ከፊልትሮው ሥር ውሃ ማፍሰሻ አለ፣ ከላዩ ደግሞ በመዳፍ የሚገፋ ፓምፕ። ፊልትሮ ሲቀየር ፓምፑ እስኪጠነክር ድረስ መግፋት አየሩን ያስወጣል። ጠዋት ጠዋት አልነሳም የሚል መኪና ብዙ ጊዜ ባትሪው አይደለም ችግሩ፤ ይህች ፓምፕ አርጅታ ሌሊቱን አየር ስታስገባ ታድራለች። ባትሪ ሁለት ጊዜ ከቀየርሁ በኋላ የደረስሁበት ምስጢር ነው።

ጭሱም ይነበባል። ነጭ ጭስ ጠዋት ብርድ ላይ ከታየ የሚያሞቁት ካንዴላዎች ደክመዋል፤ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ከቀጠለና ራዲያተሩ ውሃ ካጎደለ ነገሩ ወደ ቴስታታ ይሄዳል። ሰማያዊው ዘይት ነው። ጥቁሩ ናፍታው በዝቶ አየሩ ማነሱ ነው፤ እዚህ ላይ ግን መኪናውን ብቻ አትውቀሱ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በ2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ከጅቡቲው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ቴርቦ የሌለው ሞተር እንጦጦን ሲወጣ ቢያጨስና ቢያለከልክ፣ ከታች የመጣ ሰውም እንዲሁ ያደርገዋል። መጀመሪያ የአየር ፊልትሮውን አራግፉ። ቴርቦ ልግጠምለት የሚል ጓደኛ ከመጣ ሻይ አጠጥታችሁ ሸኙት፤ ቴስታታው ለዚያ ሙቀት አልተሠራም፣ ይሰነጠቃል።

በቤት የማይነካም አለ። ኢንጀክሽን ፖምፓው የሚስተካከለው በመለኪያ ማሽን ላይ ነው፤ በግምት ብሎኗን የሚያዞሩ ሰዎች ጉልበት ጨመርን ብለው ናፍታና ሞተር ያቃጥላሉ። የቴስታታ ማስተካከል የቶርኖ ቤት ሥራ ነው። የመኪና ሞያ ማወቅ ሲባል የራስን ድንበር ማወቅም እዚያ ውስጥ ይገባል መሰለኝ።

ዕቃው ከመርካቶ ሶማሌ ተራ ይገኛል። እዚያ የሚፈተነው ኪስ ብቻ አይደለም፣ ዓይንም ነው። ካርቶኑ የጃፓን ሆኖ ውስጡ የማይታወቅ ኩሽኔታ ሞልቷል። እኔ ሁለት ነገር አደርጋለሁ፦ የአሮጌውን ዕቃ ቁጥር ከብረቱ ላይ ገልብጬ እሄዳለሁ፣ አሮጌውንም በጨርቅ ጠቅልዬ እይዛለሁ። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ውሸቱ ይለያል፤ የእውነተኛው ጽሑፍ በብረቱ ላይ የተቀረጸ ነው፣ የሐሰተኛው ብዙ ጊዜ በቀለም የታተመ። ከአዲስ ሐሰተኛ ያገለገለ እውነተኛ ይሻለኛል፤ ለኦይል ሲልና ለቺንጋ ብቻ ይህ ሕግ አይሠራም።

እንዲህ ያለ ዕቃ የሚጠገንበት ምክንያትም ከናፍቆት ያለፈ ነው። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለች ወዲህ ያለንን መያዝ የግድ ሆኗል። የኤሌክትሪኩ መኪና ለከተማ መልካም ነው፤ አስፋልቱ ካለቀ በኋላ ያለው ሀገር ግን ገና ብዙ ዘመን በባሌስትራ የሚኬድ ነው። ከገጠር ጤና ጣቢያ በር ላይ የቆመው አሮጌ ሃርድቶፕ ምትክ የለውም፤ ያለው ጠጋኝ ነው።

የእኔው አሁንም ግቢ ውስጥ ቆሟል። ቆጣሪው አልተሠራም፤ ዘይት የቀየርሁበትን ቀን ከጸሐይ መከላከያው ጀርባ በእርሳስ እጽፋለሁ። የፊት ሉሎቹ ጀርባ ደረቅ ነው። ሃርድቶፕ ያላችሁ፣ ክረምቱ ሳይገባ አንድ ቅዳሜ ጎንበስ በሉና የዲፈረንሻላችሁን መተንፈሻ ፈትታችሁ እዩ፤ 14 ቁጥር ቁልፍ ካልገባላት 17ቱን ሞክሩ።